ከቡርቃው አስፋልት ሥር

ሐሙስ፣ መጋቢት 6 ቀን 1976

ጠዋት ጠጠር ነፋሁ። ከሰዓትም ጠጠር ነፋሁ። አቧራው ከአፍንጫዬ እስካሁን አልወጣም። የሮቤ ገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በጋሪና በአህያ ተጨናንቆ ገልባጮቹ ዘግይተው ገቡ። ሌላ አዲስ ነገር የለም። ዝናብም የለም። በልጉ መግባት ነበረበት… ሰማዩ ግን የጥር ሰማይ ነው።

ደብተሩ አዲስ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልጀምር። ሥራችን ከሮቤ ጎባ ያለውን መንገድ አስፋልት ማልበስ ነው። እኔ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ላቦራቶሪ የሚሉት የቆርቆሮ ቤቷን፣ ወንፊቶቹን፣ ሚዛኑንና እኔን ነው። መንገዱ ሁሉ ደህና ነው፣ ቡርቃ ከሚሉት ቦታ በቀር። ስድስት መቶ ሜትር። ላዩ ኮቲቻ፣ ያ ጥቁር አፈር፤ ሥሩ ምንጭ። በዘነበ ቁጥር አውቶቡስ የሚቀረቀረው እዚያ ነው። እናታችንን ወደ ጎባ ሆስፒታል ስንወስድ ከአውቶቡስ አውርደን በቃሬዛ ያሻገርናትም እዚያ ነው።

መላው ቀላል ነው፣ በወረቀት ላይ። ከአስፋልቱ ሥር ውሃ የሚያሳልፍ የጠጠር ንጣፍ ይገባል። ከታች የሚመጣው ውሃ በጠጠሩ መሃል ሄዶ ዳር ዳር በተቀበሩት ቱቦዎች ይወጣል። አስፋልቱ ሳይርስ ይኖራል። በወረቀት ላይ…

መጋቢት 14

የወንዙ ጠጠር ተነጠፈ። ታጥቦ የወጣ፣ ክብ፣ ያማረ። ባልዲ ውሃ ደፋሁበት፤ ዓይኔ እያየ ጠፋ። ደስ አለኝ። ምነው ቀድሜ ባልተደሰትኩ።

ሹፌሩ ባዳሳ ገልባጩን ጭኖ መጣ። የፊት ጎማው ሲገባ ጠጠሩ እንደ ሽንብራ ግራና ቀኝ ሸሸ። የኋላው ጭራሽ ሰጠመ። ባዳሳ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ማናልበሽ፣ ይሄ መንገድ ነው ጎተራ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ጓድ ሸዋርጋ አልሳቀም። የሥራው ኃላፊ እሱ ነው። ጎንበስ ብሎ ጎማው የተወውን ቦይ በእጁ ለካው። ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

«ውሃ ማሳለፉን አየሁ» አለ። «መኪና የሚያሳልፈው መቼ ነው?»

ልክ ነው። የሚያናድደኝ ልክ መሆኑ ነው።

መጋቢት 17

ትእዛዝ ወጣ። ጠጠሩ ላይ ቀይ አፈር ይቀላቀልበትና ይዳመጥ። አፈሩ ጠጠሩን ይይዘዋል፣ መኪናውን ይሸከማል። ይሸከማል እኮ! ግን ውሃው የሚሄድበትን ቀዳዳ ሁሉ አፈር ከደፈነው ንጣፉ ለምን ተነጠፈ? ቢሮው ድረስ ሄድኩ።

«ጓድ ሸዋርጋ፣ ይሄ ውሃ አያሳልፍም።»

«አፈር የሌለው አይሸከምም፣ አፈር ያለው አያሳልፍም። አንቺ የምትፈልጊው የትኛውን ነው?»

«ሁለቱንም።»

«እንግዲያው ሁለቱንም የሚያደርግ አምጪልኝ። አንድ ሳምንት።»

ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ለጥፏል። መስከረም 2 በቀይ ተከቧል። አሥረኛው የአብዮት በዓል። መንገዱ ለዚያ ቀን ይመረቃል፣ አበቃ።

መጋቢት 24

አገኘሁት!

ሳምንቱን የካባ ድንጋይ ሳስፈጭ ሰነበትኩ። የተፈጨ ድንጋይ ጠርዝ አለው። አንዱ ሌላውን ይነክሳል እንጂ አይንከባለልም። ትልልቁን ብቻ ሳደርገው አሁንም ትንሽ ተነቃነቀ። መካከለኛውን ጨመርኩበት። ዱቄቱን ብቻ በወንፊት አስወጣሁ። ነገሩ ይኸው ነው። ያን ያህል የሚያስለቅስ አልነበረም።

ግቢው ውስጥ ሠላሳ ሜትር አነጠፍንና ኦቦ ከማለዲን በሩሎው ዳመጠው። ሃያ ዓመት ሩሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ወርዶ በጫማው መታ መታ አደረገው። «የወንዙ ከሥሬ ሲሸሽ ይሰማኛል፣ ኢንታላ ኮ» አለኝ። «ይሄ ዝም ይላል።» «ልጄ» ማለቱ ነው፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለኝ። ባዳሳ ጭኖ አርባ ጊዜ ተመላለሰበት። የጎማው ቦይ ጣት አልሞላም።

ከዚያ በርሜሉ። ታቹን በስቼ በየተራ ሦስቱንም ዓይነት ሞላሁ፣ ባልዲ ውሃ ደፋሁ፣ ቆጠርኩ። የወንዙ ጠጠር፣ አሥር ሳልሞላ ወጣ። የተፈጨው፣ ሃያ። ቀይ አፈር ያለበት… ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ፣ ውሃው እላዩ ላይ ቁጭ ብሏል።

መጋቢት 26

አላገኘሁትም።

መፍጫው አርጅቷል። ለስድስት መቶ ሜትር የሚበቃ ድንጋይ ለመፍጨት አራት ወር ይፈልጋል። ሸዋርጋ ሒሳቡን ፊቴ ሠርቶ አሳየኝ። አራት ወር። አስፋልቱ መቼ ሊወርድ?

«ሌላ መፍጫ ከአዲስ አበባ ብንጠይቅ…»

«ጠይቄያለሁ» አለ። ድምፁ ወረደ። «ከአንቺ በፊት፣ ሁለት ጊዜ። ለሌላ ቦታ ተመድቧል አሉኝ።»

መጥላት ፈልጌ ነበር የሄድኩት። የደከመው ሰው ሆኖ አገኘሁት። ቀይ አፈሩ ይቀጥላል።

ሚያዝያ 4

ለዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ። በኃላፊሽ በኩል ካላለፈ አይሄድም አሉኝ። በኃላፊዬ በኩል ላክሁት።

ሚያዝያ 20

ደብዳቤዬ ሸዋርጋ ጠረጴዛ ላይ ነው። የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበታል።

ግንቦት 9

መጻፍ አልፈልግም። ግን እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጻፈው?

ጠሩኝ። ሸዋርጋ ነበር። አጠገቡ የማላውቀው ሰው፣ ከበላይ የመጣ፣ ስለ በዓሉ ዝግጅት የሚከታተል። የፍተሻውን ወረቀት ሰጡኝ። «ውሃ የማሳለፍ አቅም፦ በቂ» ይላል። ተሞልቶ ነው የቆየኝ። የቀረው የኔ ፊርማ ነው።

«በቂ አይደለም እኮ» አልኩ።

ሸዋርጋ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ሰውየው ግን ወደ እኔ ዞረ። በጣም በትሕትና ነው የተናገረው።

«ጓዲት፣ ለአብዮቱ በዓል የሚሠራን ሥራ ማጓተት ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ምን ይባላል?»

«አሻጥር።»

እኔው ነኝ ያልኩት። በገዛ አፌ አስባለኝ። አምና የመጋዘኑ ሰውዬ በዚህች ቃል ተወስዶ ሰባት ወር የት እንዳለ እንኳ አልታወቀም። ሲመለስ ከሰው ጋር ማውራት ትቶ ነበር።

ፈረምኩ። እጄ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ምን ዓይነት እጅ ነው?

ሰኔ 11

አስፋልቱ ቡርቃ ደረሰ። ኦቦ ከማለዲን ረመዳኑን እየጾመ፣ ከታች የሬንጁ ሙቀት ከላይ ፀሐይ፣ ቀኑን ሙሉ ሩሎ ላይ ዋለ። ሳልፍ ጠራኝ።

«ፊትሽ ምነው ጠቆረ? የምጾመው እኔ ነኝ እኮ!»

ሳቅሁለት። ልነግረው ነበር። «ኦቦ ከማለዲን፣ ከሥር ያለው…» ብዬ ጀመርኩ። ሞተሩ አላሰማው አለ። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ። «ምንም አይደል» አልኩት። ደግሜ መጮህ አቅቶኝ ነው? ወይስ ባለመስማቱ ደስ ብሎኝ?

ሐምሌ 21

አለቀ። ቀጥ ያለ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ባዳሳ ከጎባ ሮቤ ድረስ ፍሬን አልነካሁም ይላል። በስብሰባ ላይ ተጨበጨበልን። ለእኔም የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። በልጉ ጨርሶ ቀርቷል። ገበሬው ያለቅሳል። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ሳየው ደስ ይለኛል… እግዜር ይቅር ይበለኝ። ገብሱ ደርቆ እኔ ደስ ይለኛል።

ነሐሴ 8

ዘነበ። ትናንትም፣ ዛሬም። ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ሲስቅ አየሁ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ እህል አልበላ አለኝ።

ነሐሴ 12

ሄጄ አየሁት። ብቻዬን፣ በእግሬ።

አስፋልቱ ላይ የአዞ ቆዳ የመሰለ ስንጥቅ ወጥቷል። መኪና ሲያልፍበት በስንጥቁ ቀይ ውሃ ፊጭ ይላል። ቀይ! ከሥር ያለው አፈር ነው ውሃ ሆኖ የሚወጣው። ዳር ያሉትን ቱቦዎች አየሁ። በዚህ ሁሉ ዝናብ ጠብታ አልወጣባቸውም። አፋቸው ላይ ሸረሪት አድርታለች።

ለሸዋርጋ ነገርኩት። «በረድ ሲል ይደርቃል» አለ። እሱም አያምንበትም። ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

ነሐሴ 15

አውቶቡሱ ቡርቃ ላይ ተንሸራቶ ቦዩ ውስጥ በጎኑ ተኛ። አስፋልቱ ከጎማው ሥር ሰምጦበት ነው። አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ጤቤ፣ ጎባ ሆስፒታል ነርስ ናት። ከሥራ ስትመጣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ነገረችኝ።

«የሞተ የለም። አንዲት ሴት ግን ዳሌዋ ተሰብሯል። ከደሎ መና ማር ይዛ የመጣች ናት። ከእንግዲህ መራመዷን እንጃ።»

ከዚያ፣ «የናንተ መንገድ አይደለም እንዴ? አዲሱ?»

«አዎ» አልኩ። «አዲሱ።»

ነሐሴ 17

ኦቦ ከማለዲንን ወሰዱት።

«በአግባቡ ባለመዳመጡ» ይላል የተለጠፈው ወረቀት። ንጣፉ የላላው እሱ ስላልዳመጠው ነው አሉ። ሩሎው ላይ ሳለ ነው ያወረዱት። ባዳሳ አየው። «ጃኬቴን ልያዝ» ብሎ ጠየቃቸው አለኝ።

ወረቀቱ ሥር የኔ የፍተሻ ውጤት በማስረጃነት ተጠቅሷል። የቴክኒሻኗ ፊርማ ንጣፉ በቂ መሆኑን ያሳያል፣ ስለዚህ ጥፋቱ የዳማጩ ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ነሐሴ 19

ነገ እናገራለሁ።

ነሐሴ 20

አልተናገርኩም።

ነሐሴ 23

ሸዋርጋ ቢሮው በር ላይ አገኘኝ። «አጣሪ ኮሚቴ ይመጣል» አለኝ። «ጥቂት ቀን ነው። ይፈቱታል።» እኔን ነው የሚያጽናናው ራሱን? አንገቴን ነቀነቅሁ። በራሴ ተናድጄ ቤት እስክደርስ አፈር እየረገጥኩ ሄድኩ።

ነሐሴ 27

አዴ መሪየም፣ የኦቦ ከማለዲን ባለቤት፣ ቆርቆሮ ቤቷ ድረስ መጣች። የምሳ ሳህኑን በጨርቅ ቋጥራለች። ከታሰረበት ጣቢያ መመለሷ ነው። አልቀመጥም አለች።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለችኝ። «እሱ አላጠፋሁም ይላል። እነሱ አጥፍቷል ይላሉ። ያጠፋ እንደሆነ ንገሪኝና ልወቀው። ወላሂ አልቆጣም።»

«አላጠፋም፣ አዴ መሪየም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

ወንፊቶቹን አየች። በርሜሉን አየች። እኔን አየች። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻል ነበር።

«ካወቅሽ» አለች፣ «ለምን እዚህ ተቀምጠሻል?»

ነሐሴ 28

ተናገርኩ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ መሸሻ የሚባሉ ሽማግሌ መሐንዲስ ናቸው። ትናንት ከአዲስ አበባ ገቡ። ሸዋርጋም ተቀምጦ ነበር። «ወረቀቱ ላይ ያለው ውሸት ነው። የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ቀለለኝ ማለት ነው የሚጠበቀው… አልቀለለኝም። የበርሜሉን ነገር ነገርኳቸው። የሠላሳ ሜትሩን ነገርኳቸው። አቶ መሸሻ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ማን አስፈረመሽ?»

ሸዋርጋን አየሁት። እጆቹን ያያል። የዚያን ሰው ስም አላውቀውም። «ፈርቼ ነው የፈረምኩት» አልኩ።

«ይሄን ማለትሽ ምን እንደሚያመጣብሽ ታውቂያለሽ፣ ልጄ?»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

«ቃል ብቻውን አይበቃኝም። ምን ታሳዪኛለሽ?»

«ይቆፈር» አልኩ።

ጳጉሜን 1

አረፋ ነው ዛሬ። ሮቤ ሙስሊሙ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወጥቷል። ኦቦ ከማለዲን አልተፈታም። በቤታቸው በኩል ማለፍ ፈርቼ በጀርባ ዞርኩ።

ጳጉሜን 3

ሁለት ጉድጓድ ተቆፈረ።

አንዱ ምንጩ በማይደርስበት፣ ከፍ ባለው የቡርቃ ጫፍ። ዶማው ንጣፉ ላይ ሲያርፍ ጮኸ። ሲሚንቶ ነው የሚመስለው። አቶ መሸሻ ተንበርክከው በመዶሻ መቱት፤ አልነቃነቅ አለ።

ሁለተኛው መሃሉ ላይ። አስፋልቱ ሲነሳ ያ ንጣፍ ገንፎ ሆኗል። ውሃው ሊወጣ ፈልጎ መንገድ አጥቶ፣ መኪና በረገጠው ቁጥር አፈሩን ሲያቦካው ከርሟል። ጠጠሩ በአፈሩ ውስጥ ይዋኛል። በጣታቸው ጠነቆሉት፣ እስከ አንጓው ገባ።

«እዚያ ማዶ የዳመጠው ማን ነው?»

«ከማለዲን» አለ ባዳሳ።

«ይሄንንስ?»

«እሱው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሩሎ።»

አቶ መሸሻ ተነሡ። ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ቀይ ሆኗል። «እንግዲህ ሰውየው አይደለም» አሉ። ከእኔ ጋር ሆነው ቱቦው ጋ ሄዱ። ጣታቸውን ከተው አወጡ። ደረቅ።

ጳጉሜን 5

ትናንት ተፈታ። እኔ አልሄድኩም። ባዳሳ ነው ያመጣው።

መስከረም 2 ቀን 1977

በዓሉ ተከበረ። የእንግዶቹ መኪኖች በቡርቃ በኩል ማለፍ ስላልቻሉ በማሳ ዞረው፣ ጭቃ ለብሰው ገቡ።

መስከረም 18

ውሳኔው መጣ። ሸዋርጋ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ። ሲሄድ ጨበጠኝ። «ስሜን ልትጠሪ ትችይ ነበር» አለ። «ትእዛዙ ከእርስዎ ብቻ አልመጣም» አልኩት።

እኔ ከላቦራቶሪ ተነሥቻለሁ። ለአንድ ዓመት የቀን ሠራተኛ። አሻጥር የሚለውን ቃል አቶ መሸሻ ናቸው ያስወጡልኝ አሉ። በቀላሉ ነው ያመለጥኩት። ያቺ ሴት ዳሌዋ…

የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። አዲስ መፍጫ ተላከ። በአሥር ቀን ውስጥ! የለም የተባለው መፍጫ። አንድ አውቶቡስ መገልበጥ፣ አንድ ሰው መታሰር ነበረበት?

መስከረም 27

ቡርቃ ተገልብጦ እንደ አዲስ ይሠራል። በተፈጨ ድንጋይ፣ ዱቄቱ ወጥቶ። እኔ አካፋ ይዣለሁ። እጄ ውሃ ቋጥሮ ፈረጠ። ኦቦ ከማለዲን ከእኔ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ይዳምጣል። ቀኑን ሙሉ አየዋለሁ። አንድ ጊዜም አላየኝም።

ጥቅምት 9

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ኦቦ ከማለዲን መጣ። አልተቀመጠም።

«አሥራ አንድ ቀን» አለኝ።

«እ…?»

«እስክትናገሪ ድረስ አሥራ አንድ ቀን እዚያ ተቀምጬ፣ ማናልበሽ ትመጣለች አልኩ። መሪየምን ጠይቂያት። ታውቃለች፣ ትመጣለች አልኩ። አሥራ አንዱን ቀን ምን ስትሠሪ ነበር?»

«ፈርቼ ነበር፣ ኦቦ ከማለዲን።»

«እኔም ፈርቼ ነበር።»

ሄደ። ኢንታላ ኮ አላለኝም። ይቅርታ እንኳ አልጠየቅሁትም። አፌ ላይ ነበረች… እሱ ግን ሞተሩን አስነሥቷል።

ጥቅምት 22

ዛሬ የሆነውን ልጻፍ።

የመጨረሻው አርባ ሜትር ቀርቶናል። ባዳሳ ከመፍጫው ጭኖ መጥቶ ገለበጠ። ኦቦ ከማለዲን ሊዳምጥ ጀምሮ ድንገት ቆመ። ወርዶ አንድ እፍኝ አነሣ። ዙሪያውን አየ። አዲሱ የላቦራቶሪ ልጅ ሮቤ ሄዷል። አዲሱ ኃላፊ እዚያው ቆሟል፣ ሰዓቱን ያያል።

«ማናልበሽ» አለ ኦቦ ከማለዲን። ጮክ ብሎ፣ ሁሉ እንዲሰማ። «ነይ እስቲ እዪው።»

አካፋዬን ጥዬ ሄድኩ። እፍኙን በእጄ ላይ ገለበጠው። ዱቄት አለበት። የመፍጫው ወንፊት ተቀዶ መሆን አለበት። በሁለት እጄ አሸሁት። መዳፌ ነጣ።

«ምን ተፈጠረ?» አለ ኃላፊው።

«ዱቄት አለው። ይመለስ።»

«አሁን ደመናው እየመጣ? አንድ ጭነት ምን ይላል? በላዩ ሌላ ይደረብበታል።»

«በአንድ ጭነት በኩል ውሃው ይታገዳል። ይመለስ።»

«አንቺ ማነሽ?» አለኝ። በቁጣ አይደለም፣ በእውነት ስለማያውቀኝ ነው።

ግንቦት ላይ በፈረመው እጄ እፍኙን ወደ እሱ ዘረጋሁት።

«የቀን ሠራተኛ ነኝ። ይመለስ።»

ኃላፊው ወደ ኦቦ ከማለዲን ዞረ። እሱ ወደ ሩሎው ተመልሶ ወጣና ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወርዶ አጠገቤ ቆመ።

ጥቂት ቆይቶ ኃላፊው ለባዳሳ በእጁ ምልክት ሰጠው። አካፋ አንሥተን፣ እኔም ኦቦ ከማለዲንም፣ ያን ሁሉ መልሰን ገልባጩ ላይ ጫንነው። ዝናቡ ሳንጨርስ ያዘን። አልሮጥንም።